የባለቤት ቪዛ እና የ29,000 ፓውንድ ጥያቄ

እንግሊዝ አገር ከሚኖሩ ወገኖቻችን መካከል «ሚስቴን ለማምጣት ፕሮሰስ ጀምሬያለሁ» የሚል ሰው ስታገኙ፣ መጀመሪያ የሚያወራችሁ ስለ ፎቶ ነው። የሽምግልናው፣ የቀለበቱ፣ የሰርጉና የመልሱ ፎቶ በቀን በቀኑ ተደርድሯል። የዋትስአፕ ምልልሱ ታትሟል፤ አዲስ አበባ የተሄደበት የአውሮፕላን ቲኬትም አልተጣለም። ሁሉም የሚጨነቀው «ትዳራችንን የእውነት ነው ብለው ይቀበሉን ይሆን?» እያለ ነው። ጭንቀቱ መሠረት የለውም አልልም፤ ሕጉ ዛሬም ትዳሩ እውነተኛና ያልተቋረጠ መሆኑን፣ ሁለቱም 18 ዓመት የሞላቸው መሆኑን፣ በአካል ተገናኝተው የሚተዋወቁ መሆኑን ይጠይቃል። ነገር ግን ከ2012 ወዲህ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) የብሪታንያ የኢሚግሬሽን ሕግ ክብደቱን ከአልበሙ ወደ ፔይስሊፑ አዙሯል። ቀድሞ «ትዳራችሁ እውነት ነው ወይ?» የሚለው ጥያቄ ይቀድም ነበር፤ አሁን «አቅማችሁ ይፈቅዳል ወይ?» የሚለው ቀድሟል። ስንቱ ባልና ሚስት ለመጀመሪያው ጥያቄ ተዘጋጅቶ ሄዶ በሁለተኛው እንደሚወድቅ በዚህ አገር የኖረ ሰው ያውቀዋል።

ለውጡ የተጀመረው ጁላይ 9 ቀን 2012 ነው። የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሯ ቴሬሳ ሜይ ነበሩ። ከዚያ በፊት ስፖንሰር የሚያደርገው ሰው ራሱንና የሚመጣለትን ያለ መንግሥት ድጎማ ማኖር እንደሚችል ካሳየ ይበቃው ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ነገሩ በቁጥር ሆነ፤ በዓመት 18,600 ፓውንድ ገቢ የሌለው ሰው ባለቤቱን ማምጣት አይችልም ተባለ። ብሪታንያዊ ያልሆነ ልጅ አብሮ የሚመጣ ከሆነ 22,400፣ ከዚያ በላይ ለያንዳንዱ ልጅ 2,400 ይጨመር ነበር። በዚያው ጊዜ የቋሚ መኖሪያ ፈቃድ የሚጠበቅበት ዘመን ከሁለት ዓመት ወደ አምስት ዓመት ተራዘመ። ቁጥሩን ያቀረበው የመንግሥት የማይግሬሽን አማካሪ ኮሚቴ ሲሆን፣ ስሌቱ ሁለት ሰዎች ከስንት ገቢ በላይ ሲያገኙ ከገቢ ጋር የተያያዘ ድጎማ አይደርሳቸውም የሚል ነበር። ባንስማማበትም አመክንዮው ይገባል፤ መንግሥት «በእኔ ላይ ሸክም አትሁኑ» ማለቱ ነው።

ሁለተኛው ዙር ግን በባሕርዩ ሌላ ነው። ዲሴምበር 4 ቀን 2023 የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ጄምስ ክሌቨርሊ ፓርላማ ቀርበው የገቢ ደፉ (የሚጠየቀው ዝቅተኛ ገቢ) በአንድ ጊዜ ወደ 38,700 ፓውንድ እንደሚያድግ አስታወቁ። ጩኸቱ ሲበረታ፣ ወሩ ሳያልቅ ጭማሪው ደረጃ በደረጃ ይሁን ተባለና ከአፕሪል 11 ቀን 2024 ጀምሮ 29,000 ሆነ። ቀጥሎ 34,500፣ ከዚያ 38,700 ይከተላሉ ተብሎ ነበር። እነዚህ ቁጥሮች የመጡት ከድጎማ ሂሳብ አይደለም። 38,700 አንድ ድርጅት የሠለጠነ ሠራተኛ ከውጭ ሲያስመጣ እንዲከፍለው ያኔ የተወሰነው ደመወዝ ነበር። 29,000ም የተወሰደው ለሠለጠነ ሠራተኛ ቪዛ ብቁ ከሆኑት ሥራዎች የደመወዝ ሰንጠረዥ ነው፤ ከመቶው ሃያ አምስተኛው እርከን ላይ ያለው ቁጥር ነው። ስለዚህ ሚስቱን የሚያመጣ ሰው መሐንዲስ ከሚያስመጣ ኩባንያ ጋር በአንድ ሚዛን ተቀመጠ ማለት ነው። ትልቁ ለውጥ ይህ ይመስለኛል፤ በጋዜጣ የተጻፈው ግን ስለ ገንዘቡ ብዛት እንጂ ስለ ሚዛኑ መቀየር አልነበረም።

«29,000 ለእንግሊዝ ኑሮ ምን አላት?» የሚል አይጠፋም። ወገኖቻችን በብዛት የሚሠሩትን ሥራ እናስበው፤ የአረጋውያን እንክብካቤ፣ ሆቴል፣ ጽዳት፣ ወጥ ቤት፣ መጋዘን፣ ታክሲ። በአፕሪል 2025 ለአዋቂ ሠራተኛ የተደነገገው ዝቅተኛ ክፍያ በሰዓት 12.21 ፓውንድ ነበር። በሳምንት 37 ሰዓት ተኩል ዓመቱን ሙሉ የሠራ ሰው በዚህ ሂሳብ 23,800 ገደማ ያገኝ ነበር። 29,000 ለመሙላት በየሳምንቱ 46 ሰዓት ያህል፣ አንድም ሳምንት ሳያጓድል መሥራት ነበረበት። ይህም ማለት የአገሪቱ ሕግ «ይህ ለአንድ ሠራተኛ ተገቢ ክፍያ ነው» ብሎ የደነገገውን ደመወዝ ሙሉ ሰዓት ሠርቶ የሚያገኝ ሰው፣ በዚያችው አገር ሌላ ሕግ ከባለቤቱ ጋር ለመኖር አይበቃም ተብሏል። የጊዜው አገጣጠምም የሚያሳዝን ነው። በአፕሪል 2023 ዝቅተኛው ክፍያ 10.42 ሲሆን የሙሉ ሰዓት ሠራተኛ ዓመታዊ ገቢ 20,000ን አልፎ ነበር፤ ማለትም 18,600 የሚለውን ደፍ ተራ ሠራተኛ መሻገር የጀመረው ገና ያኔ ነው። ዓመት እንደሞላው ደፉ ከፍ አለ።

ቁጥሩን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ቁጥሩ እንዴት እንደሚቆጠር ማወቅ ሌላ ነው። ብዙ ሰው የሚጎዳው በዚህኛው ነው። ሊድስ ውስጥ በአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት በሰዓት ክፍያ የምትሠራ አንዲት እህት እናስብ። ባሏ ሐዋሳ ነው። ከስድስት ወር በላይ በአንድ አሠሪ ዘንድ ስለሠራች የስድስት ወር ፔይስሊፕና ባንክ ስቴትመንት ታቀርባለች፤ የስድስቱ ወር አማካይ በአሥራ ሁለት ይባዛል። አምስቱን ወር ሺፍት እየጨመረች በየወሩ 2,500 ፓውንድ አግኝታለች። በስድስተኛው ወር ወገቧን አመማትና የሁለት ሳምንት ሺፍት ጣለች፤ የዚያ ወር ደመወዟ 1,600 ሆነ። ድምሩ 14,100፣ ለዓመት ሲባዛ 28,200 ነው። የጎደላት 800 ፓውንድ ብቻ ነው። «ይህንንማ ከባንክ ደብተሬ እሞላዋለሁ» ትል ይሆናል። ሕጉ ቁጠባን ይቀበላል፤ አቆጣጠሩ ግን እንዲህ ነው፦ የጎደለው ገንዘብ በሁለት ተኩል ይባዛና በላዩ 16,000 ይደመራል። ስለዚህ 800 ፓውንድ የጎደላት ሴት ለስድስት ወር ሳይነካ የቆየ 18,000 ፓውንድ በባንክ ማሳየት አለባት። ምንም ገቢ የሌለው ሰው ደግሞ 88,500 ያስፈልገዋል። ይህን የማታውቅ ሴት የመጀመሪያዎቹን አምስት ፔይስሊፖች አይታ ተደስታ ታመለክታለች። የምታውቀው ግን ያ ደካማ ወር ከስድስቱ ወር ውስጥ እስኪወጣ ጠብቃ ታመለክታለች። በሁለቱ መካከል የትዳር ልዩነት የለም፤ የመረጃ ልዩነት ነው ያለው።

የወር ደመወዝተኛው ሁኔታ ይለያል። ለእሱ የሚቆጠረው አማካዩ ሳይሆን ከስድስቱ ወር ዝቅተኛው የደመወዝ መጠን ነው፤ በአራተኛው ወር ጭማሪ ያገኘ ሰው በአዲሱ ደመወዙ ወዲያው ማመልከት የማይችለው ለዚህ ነው። ከአንድ ሥራ ወደ ሌላ የተዛወረ ወይም ሁለት ሦስት ቦታ እየዘለለ የሚሠራ ሰው ደግሞ የአሥራ ሁለት ወር ማስረጃ ይጠየቃል። በታክሲና በኡበር ላይ ያሉ ወንድሞቻችን ችግር ግን የተለየ ነው። የግል ሥራ የሚሠራ ሰው ገቢው የሚቆጠረው ለታክስ መሥሪያ ቤቱ ባስታወቀው ትርፍ ነው። በዓመቱ መጨረሻ አካውንታንቱ ነዳጁን፣ ኢንሹራንሱን፣ የመኪናውን ጥገና፣ ስልኩን እየቀነሰ ታክሱን ሲያሳንስለት ሁሉም ይደሰታል፤ ባለቤቱን ለማምጣት ሲነሳ ግን ያው ወረቀት 17,000 ያገኘ ሰው አድርጎ ያቀርበዋል። በእጁ የገባው ገንዘብ ስንት እንደነበር ማንም አይጠይቀውም። ሙሉ የታክስ ዓመት ማለፍ ስላለበትም ማስተካከያው ሲያንስ አንድ ዓመት ይፈጃል። ትዳር ያሰበ የግል ሠራተኛ ከሽማግሌዎቹ ቀድሞ አካውንታንቱን ቢያማክር ይሻለዋል የምለው ከልቤ ነው።

ከሂሳቡ ወደ ሐሳቡ እንመለስ። የዚህ ሕግ ትልቁ ስህተት፣ እንደ እኔ፣ የደፉ ከፍታ አይደለም፤ የሚቆጥረው ግማሽ ትዳር መሆኑ ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ባል ፋርማሲስት ይሁን ኤሌክትሪሺያን፣ ሚስቲቱ ነርስ ትሁን የሒሳብ ባለሙያ፣ እዚያ የሚያገኙት ደመወዝ በመጀመሪያው ማመልከቻ ላይ አይቆጠርም። እዚህ መጥተው ሊያገኙት የሚችሉትም አይቆጠርም፤ የሥራ ውል በእጃቸው ቢኖር እንኳ። ቪዛው ግን ሙሉ የመሥራት መብት ይሰጣል! እንግዲህ መንግሥት «ና፣ ሥራ» የሚል ፈቃድ የሚሰጠውን ሰው በማመልከቻው ላይ ምንም እንደማይሠራ አድርጎ ያስበዋል። ሁለት ሰው በሚኖርበት ቤት ሁለት ደመወዝ እንደሚገባ ማንም ያውቃል። ሕጉ ግን አንዱን ደጋፊ ሌላውን ጥገኛ አድርጎ ይስላል፤ ያ ሥዕል ደግሞ የእኛን ትዳር ቀርቶ የእንግሊዞቹንም የዛሬ ትዳር አይመስልም።

እናቶች ላይ ሲደርስ ይብሳል። ልጅ የያዘች ሴት ባሏ እስኪመጣ ብቻዋን ታሳድጋለች፤ ሕፃን መዋያ ውድ ስለሆነ ሙሉ ሰዓት መሥራት አትችልም፤ ሙሉ ሰዓት ካልሠራች ደግሞ ገቢዋ 29,000 አይደርስም። ባሏ መጥቶ ልጁን ቢይዝላት ሁለቱም እየተፈራረቁ ይሠሩ ነበር። እንዲመጣ የሚያስፈልገው ገንዘብ ግን እሱ ካልመጣ የማይገኝ ገንዘብ ነው። በ2015 የእንግሊዝ የሕፃናት ኮሚሽነር ያስጠናው ጥናት በዚህ ሕግ የተነሳ 15,000 ያህል ሕፃናት ከወላጅ መለየት እንደገጠማቸው ገምቶ ነበር፤ አባታቸውን በስካይፕ ብቻ የሚያውቁ ልጆች የሚለው አነጋገርም ከዚያ በኋላ ተለመደ። ይህ ሁሉ ደፉ ገና 18,600 ሳለ ነው።

የመንግሥት ወገን ክርክር ባዶ አይደለም። የወረቀት ጋብቻ እንዳለ እኛም እናውቃለን፤ ገንዘብ ተከፍሎበት የተፈረመ ትዳር ስንት ቤት እንዳፈረሰም ሰምተናል። ግብር ከፋዩ የማያውቀውን ቤተሰብ የመደገፍ ግዴታ የለበትም የሚለውም ሊደመጥ የሚገባው ነው። ነገር ግን የገቢ ደፍ የወረቀት ጋብቻን አይይዝም፤ 40,000 ፓውንድ የሚያገኝ ሰው በገንዘብ ቢፈርም ማጣሪያውን በቀላሉ ያልፋል፤ በእውነት የተጋባው የጽዳት ሠራተኛ ግን ይወድቃል። ግብር ከፋዩን በተመለከተ፣ በባለቤት ቪዛ የመጣ ሰው የመንግሥት ድጎማ እንዳይጠይቅ ቀድሞውኑ በፈቃዱ ላይ ተከልክሏል። ለሕክምናውም አስቀድሞ ይከፍላል፤ የጤና ክፍያው በዓመት 1,035 ፓውንድ ነው፤ ሥራ ሲጀምር ደግሞ እንደማንኛውም ሰው ግብርና ኢንሹራንስ ይቆረጥበታል። ድጎማው ከተከለከለና ሕክምናው ከተከፈለ፣ ደፉ የሚጠብቀው የትኛውን የመንግሥት ገንዘብ እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው።

አሜሪካን ብናነጻጽር ልዩነቱ ይጎላል። እዚያም ስፖንሰር አድራጊው ገቢውን ያሳያል፤ መጠኑ ከፌዴራሉ የድህነት መስመር 125 በመቶ ሲሆን፣ በ2025 ለሁለት ሰው ቤተሰብ 26,437 ዶላር ገደማ ነበር። ዋናው ልዩነት ግን አሜሪካ ተባባሪ ስፖንሰርን መፍቀዷ ነው። በራሱ ገቢ መስፈርቱን የሚያሟላ ወንድም፣ አጎት፣ የቤተ ክርስቲያን ጓደኛ አብሮ ሊፈርም ይችላል። ፊርማው ቀልድ አይደለም፤ ትዳሩ ቢፈርስ እንኳ ስፖንሰሩ ከግዴታው አይወጣም፤ የመጣው ሰው ዜጋ እስኪሆን ወይም አርባ የሥራ ሩብ ዓመት እስኪያስመዘግብ ድረስ ይጸናል። እንዲህም ሆኖ የአሜሪካው ሕግ፣ አንዱ ሲያጥረው ሌላው እየጨመረለት የሚኖረውን የእኛን ማኅበረሰብ ኑሮ ያውቀዋል። በብሪታንያ ግን አባት ለልጁ ቤት ቢሰጥ፣ እኅት ደመወዟን ሙሉ ላካፍል ብትል፣ በመደበኛው ሕግ አይቆጠርም። በፌብሩዋሪ 2017 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኤም ኤም ሊባኖስ ተብሎ በሚታወቀው መዝገብ የገቢ ደፉ በመርሕ ደረጃ ሕጋዊ ነው አለ፤ ሆኖም ሕጉ ለሕፃናት ጥቅም የሚገባውን ትኩረት እንዳልሰጠና ሌሎች የገቢ ምንጮችን የሚያይበት መንገድ መስተካከል እንዳለበት ወሰነ። በዚህ ምክንያት በዚያው ዓመት ልዩ ሁኔታ ሲኖር የሦስተኛ ወገን ድጋፍ እንዲታይ ተፈቀደ። ግን በልዩ ሁኔታ የገባ ሰው ቋሚ መኖሪያ የሚያገኘው በአምስት ዓመት ሳይሆን በአሥር ዓመት መንገድ ነው።

በጁላይ 2024 ሌበር ፓርቲ ሥልጣን ሲይዝ ብዙ ሰው «ይቀነሳል» ብሎ ጠብቆ ነበር። የሆነው ግን ጭማሪው 29,000 ላይ መቆሙ ብቻ ነው። የጊዜው የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ኢቬት ኩፐር ጉዳዩን እንደገና ለአማካሪ ኮሚቴው መሩት፤ በፕሮፌሰር ብራያን ቤል የሚመራው ኮሚቴም በጁን 2025 ሪፖርቱን አወጣ። ኮሚቴው 38,700 ከሰብአዊ መብት ሕግ ጋር የመጋጨት ዕድሉ ሰፊ ስለሆነ አልመክርም ብሏል። ከ23,000 እስከ 25,000 ያለው መጠን ቤተሰብ ከዝቅተኛው ደመወዝ በላይ ማግኘት ሳይገደድ ራሱን እንዲያኖር ያስችላል፤ ለኢኮኖሚው ቅድሚያ ይሰጥ ከተባለ ደግሞ ከ24,000 እስከ 28,000 ሊሆን ይችላል ሲል አማራጮቹን አስቀመጠ። ልብ በሉ፣ ለኢኮኖሚ ይደላል ከተባለው አማራጭ ከፍተኛው እንኳ ዛሬ ከሚሠራበት በታች ነው። የመንግሥት ራሱ አማካሪዎች ይህን ካሉ በኋላ 29,000ን ይዞ መቀጠል በጥናት የሚደገፍ አይደለም፤ የፖለቲካ ምርጫ ነው።

እኛን በቀጥታ የነካው ሌላ ውሳኔ በዚያው ዓመት መጣ። ብሪታንያ ያሉ ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን የገቡት በጥገኝነት ነው። ጥገኝነት ያገኘ ሰው ከአገሩ ሳይወጣ ያገባትን ባለቤቱን ያለ ማመልከቻ ክፍያና ያለ ገቢ ማሳያ ማምጣት ይችል ነበር፤ ከአገር የሸሸ ሰው ሥራ ይዞ፣ ፔይስሊፕ ሰብስቦ እስኪደራጅ ይጠብቅ ማለት ግፍ እንደሆነ ሕጉ ራሱ ይቀበል ነበር። ሴፕቴምበር 4 ቀን 2025 ይህ መንገድ ለአዲስ አመልካቾች ለጊዜው ታገደ። ያኔ ስደተኛውም እንደማንኛውም ሰው በባለቤት ቪዛው በር ይሂድ፤ 29,000ውን፣ ክፍያውንና እንግሊዝኛውን ያሟላ ተብሏል። በካርቱም ወይም በካምፓላ ሚስቱ የምትጠብቀው፣ የመኖሪያ ወረቀቱን ትናንት የተቀበለ ሰው ነው ይህን የሚጠየቀው። «አቅማችሁ ይፈቅዳል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ሊጠየቅ የማይገባው ሰው ጋ መድረሱን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላገኘሁም።

የክፍያው ጉዳይም ለብቻው መነሣት አለበት። በ2025 ታሪፍ ከውጭ የሚቀርብ የባለቤት ቪዛ ማመልከቻ 1,938 ፓውንድ ነበር። ለመጀመሪያው ፈቃድ፣ ለሁለት ዓመት ከዘጠኝ ወር፣ የጤና ክፍያው 3,105 ይሆናል። ማራዘሚያው 1,321 ሲሆን የሁለት ዓመት ተኩሉ የጤና ክፍያ 2,587 ተኩል አብሮት ነበር። ቋሚ መኖሪያው 3,029 ነበር። በዚያ ታሪፍ ሲደመር በአምስት ዓመት ውስጥ 12,000 ፓውንድ ገደማ ለመንግሥት ይከፈል ነበር፤ ጠበቃው፣ ትርጉሙ፣ ፈተናውና ቲኬቱ ሳይቆጠር። የ46 ሰዓት ሳምንት ሠርቶ ደፉን የሞላ ሰው ከዚያው ደመወዝ ይህንንም ማጠራቀም አለበት።

አዲስ አበባ ያለው ሰው የሚያዘጋጀው ከዚህ ይቀላል፤ ግን ማሰናከያ አያጣም። የሳንባ ነቀርሳ ምርመራው በዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት ክሊኒክ ይደረጋል፤ ምስክር ወረቀቱ የሚያገለግለው ለስድስት ወር ስለሆነ ቸኩሎ ማድረግም ያከስራል። የእንግሊዝኛው ፈተና ለመግቢያ መሠረታዊ የንግግርና የማዳመጥ ደረጃ ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው፣ በእንግሊዝኛ ተምሮ ዲግሪ የያዘ ሰው ዲግሪውን ኤክቲስ በተባለው ድርጅት አስመዝኖ ከፈተናው ሊድን መቻሉን ነው፤ የእኛ ዩኒቨርሲቲዎች የሚያስተምሩት በእንግሊዝኛ መሆኑ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ጋብቻው ራሱ በ1992 ዓ.ም. በወጣው (ይኼ በእኛ አቆጣጠር ነው) በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በክብር መዝገብ፣ በሃይማኖት ወይም በባህል ሊፈጸም ይችላል። ሆም ኦፊስ (የብሪታንያ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር) ፊት የሚቆመው ግን የተመዘገበው የጋብቻ ምስክር ወረቀት ነው። በሰማንያ የተጋቡ፣ በቤተ ክርስቲያን የቆረቡ ጥንዶች ክፍለ ከተማ ሄደው ትዳራቸውን ሳያስመዘግቡ ማመልከቻ መጀመር የለባቸውም።

ከዚያ የቀን ነገር አለ። የልደት ቀን ከእኛ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሲመለስ አንዱ ወረቀት ላይ ስምንት፣ ሌላው ላይ ሰባት ዓመት ይጨመርበታል። ፓስፖርቱ አንድ ቀን፣ የጋብቻ ወረቀቱ ሌላ ቀን ይዞ ይወጣል። ለእኛ ተራ ስህተት ነው፤ አመልካቹን ፊቱ ላይ ሳያየው በወረቀት ብቻ ለሚወስነው ባለሥልጣን ግን ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ስማችን በአባትና በአያት የሚሄድ መሆኑ፣ ሚስት የባሏን ስም አለመያዟ፣ የልጁ ሁለተኛ ስም የአባቱ መጠሪያ መሆኑ በአንድ አጭር ደብዳቤ ተብራርቶ ቢያያዝ ብዙ ጥርጣሬ ያስቀራል። ገንዘብ አላላካችንም እንዲሁ ነው። ለሚስቱ በየወሩ የሚልክ ባል በሚሄድ ሰው እጅ ወይም በጥቁር ገበያ ከላከ ደረሰኝ የለውም፤ ደረሰኝ ከሌለ ደግሞ ሦስት ዓመት ሙሉ የደገፋት ሚስት በፋይሉ ላይ ምንም ያልተላከላት ትመስላለች። ጥቂት ብር ቢያስቀርም በባንክ ወይም በሕጋዊ ሐዋላ የተላከው ይሻላል።

ማመልከቻው ተቀባይነት ሲያጣ የሚላከው ደብዳቤ ረጅም ነው፤ ግን ሁለት ነገር ብቻ መፈለግ አለበት፤ የወደቀው በገቢው ነው ወይስ በግንኙነቱ? በገቢው ከሆነና ጉድለቱ በጊዜ የሚስተካከል ከሆነ፣ ለምሳሌ ያች ደካማ ወር ከስድስቱ ወጥታ ከሆነ፣ እንደገና ማመልከት ይቀላል፤ የማመልከቻው ክፍያ ዳግም ይከፈላል፣ በመጀመሪያው ላይ የተከፈለው የጤና ክፍያ ግን ይመለሳል። በግንኙነቱ ከሆነ ወይም ልጅ ካለና ልዩ ሁኔታው ሳይታይ ታልፎ ከሆነ ይግባኙ ይሻላል። ከብሪታንያ ውጪ ያለ አመልካች ውሳኔው በደረሰው በ28 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማስገባት አለበት፤ በወረቀት ብቻ እንዲታይ 80፣ በችሎት እንዲሰማ 140 ፓውንድ ይከፈላል። ገንዘቡ ትንሽ ቢሆንም ቀጠሮው ወራት ይፈጃል፤ ግን ስፖንሰር ያደረገችው ሚስት ዳኛ ፊት ቀርባ ስለ ባሏ በአንደበቷ መናገር የምትችለው በዚህ በችሎቱ መንገድ ነው። የ28ቱ ቀን ቆጠራ ዘመድ ሲመክርና ጠበቃ ሲፈለግ ያልቃል፤ ስለዚህ ደብዳቤው በመጣ ዕለት ቀኑን ጽፎ መያዝ ያስፈልጋል።